«ጭነቱን ለምን አላራገፈም?»

ደብረ ብርሃን በሐምሌ ማታ መብራት ከጠፋ፣ ያለህ አማራጭ ጋቢህን ተከናንበህ ከሰሉን መክበብ ብቻ ነው። በ2017 ክረምት አክስቴ ቤት እንዲህ በተሰበሰብንበት ነው ነገሩ የተጀመረው። የ12 ዓመቷ የእህቴ ልጅ «ጋሼ፣ ተረት ንገረን» አለችኝ። እኔ ደግሞ የማውቀው ተረት ሁሉ የጠፈር ነው። በእንግሊዝኛ ያነበብኳቸውን አጫጭር የሳይንስ ልብ ወለዶች እንደመጣልኝ ወደ አማርኛ እየመለስኩ መተረክ ጀመርኩ።

አጀማመሬ አያድርስ ነው። መጀመሪያ የመረጥኩት የአይዛክ አዚሞቭን «የመጨረሻው ጥያቄ» ነበር፤ በ1956 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው። ሰዎች አንድን ግዙፍ ኮምፒውተር «ከዋክብት ሁሉ ነደው ሲያልቁ ነገሩን መቀልበስ ይቻላል ወይ?» ብለው ይጠይቁታል። «በቂ መረጃ የለኝም» ይላል። ቢሊዮን ዓመታት ያልፋሉ፤ መልሱ ያው ነው። እኔ ግን ታሪኩን ትቼ ስለ ኢንትሮፒ፣ ማለትም ኃይል ሁሉ እየተበታተነ ወደ ኋላ ስላለመመለሱ፣ ሌክቸር ጀመርኩ። አክስቴን እንቅልፍ ወሰዳት። ልጅቷም ልትከተላት ነው። ያዳነኝ ከሰሉ ነው።

«ይሄ ፍም ዝም ብትዪው ምን ይሆናል?»

«አመድ።»

«አመዱንስ መልሰሽ ከሰል ማድረግ ትችያለሽ?»

ዝም አለች። በቃ፣ ጥያቄው ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ ማስረዳት ተውኩ። መጨረሻ ላይ ኮምፒውተሩ «ብርሃን ይሁን» ሲል አክስቴ ብንን አለችና «ይሄማ ኦሪት ዘፍጥረት ነው!» አለችኝ።

በማግስቱ ደግሞ ርዕስ አበላሸሁ። ሬይ ብራድበሪ በ1954 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ታሪክ አለ። ቬነስ ላይ ዝናቡ አያባራም። ፀሐይ የምትወጣው በ7 ዓመት አንዴ፣ ለ2 ሰዓት ብቻ ነው። አንዲት ከምድር የሄደች ልጅ ግን ፀሐይን ታስታውሳለች። የክፍሏ ልጆች በቅናት ይቆልፉባትና ፀሐይዋ ወጥታ እስክትገባ ይረሷታል። እኔ «ሰመር»ን እንደ ተማሪ ቤት ልማዳችን ክረምት አድርጌ «ክረምቱ ሁሉ በአንድ ቀን» ብዬ ጀመርኩ።

«ክረምትማ ሞልቶናል! ምኑ ይናፍቃል?» አለች ልጅቷ።

እውነቷን ነው። የፈረንጆቹ ሰመር ፀሐይ ነው፤ የኛው ክረምት ጭቃ። ወደ «በጋ» ቀየርኩትና ተስተካከለ። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ ስለነበር ማጀቢያ ድምፅ አላስፈለገኝም። ዛሬ ቬነስ ወደ 460 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የምትጠጋ ምድጃ መሆኗ ይታወቃል። ይህን ልናገር አፌ ላይ ደርሶ ተውኩት። ልጅቷ እንባ አቅርራ «ከዚያስ ከፈቱላት?» እያለች ነበር።

ልኬን ያሳየኝ ግን ጎረቤታችን ነው። ከደሴ አዲስ አበባ በአይሱዙ እህል ያመላልሳል፤ ጣርማበርን እንደ ጓሮው ያውቀዋል። ያን ማታ የተረክሁት የቶም ጎድዊንን «ቀዝቃዛዎቹ ስሌቶች» ነበር፤ እሱም የ1954 ነው። አንዲት ትንሽ መንኮራኩር ለ6 ሰዎች መድኃኒት ይዛ ወደ ሩቅ ፕላኔት ትበራለች። ነዳጇ ልክክ ያለ ነው። አንዲት የ18 ዓመት ልጅ ወንድሟን ለማየት ጓጉታ ተደብቃ ተሳፍራለች። የእሷ ክብደት ሲጨመር በሰላም ማረፍ አይቻልም። ሕጉ ደግሞ የተደበቀ ተሳፋሪ ወደ ውጭ ይጣል ይላል። መጀመሪያ ሳነበው አልቅሼበታለሁ። ቤቱም ጸጥ አለ።

ሾፌሩ ሲኒውን ሲያሽከረክር ቆየና፣ «ጭነቱን ለምን አላራገፈም?» አለ።

«የምን ጭነት? መድኃኒት ብቻ እኮ ነው የያዘው።»

«ወንበር የለውም? የተደበቀችበት ዕቃ ቤትስ በር የለውም? ስንት ኪሎ ናት ልጅቷ? እኔ ጣርማበር ዳገት ላይ መኪናው ቢያቅተው ትርፍ ጎማውን አወርዳለሁ እንጂ ረዳቴን ገደል አልከትም። ደግሞ ያለ መጠባበቂያ ነዳጅ ማን ነው የሚልክ? ጥፋቱ የባለንብረቱ ነው።»

መልስ አጣሁ። በኋላ ሳጣራ፣ ተቺዎችም ይህንኑ ጥያቄ ለዓመታት ሲያነሱት ኖረዋል። ጎድዊን ራሱ ልጅቷን የሚያተርፍበት ዘዴ እየፈጠረ ሲልክ፣ የመጽሔቱ አርታኢ ጆን ካምቤል ደጋግሞ መልሶበታል ይባላል፤ ትሙት ብሎ። እኔ እንባዬ ጋርዶኝ ይሄን ሁሉ ዓመት አላየሁትም። ታሪኩን አሁንም እወደዋለሁ። ግን አሁን ስተርከው አስቀድሜ ወንበሩንም በሩንም አስነቅላለሁ፤ ያም ሆኖ አይበቃም። ሾፌሩ በዚህ ተስማምቷል፤ ባለንብረቱን ግን ይቅር አላለም።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል ልጅቷ «እኛ አገርስ የጠፈር ታሪክ የለም?» አለችኝ። አለ እንጂ። ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ካዩት ብርሃን ነው ይባላል። በ1456 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሃሌይ የምትባለው ጅራታም ኮከብ ታይታለች። ብርሃኑ እሷ ሳትሆን አትቀርም የሚሉ አሉ። አክስቴ በዚህ አትስማማም፤ ለእሷ ተአምር ተአምር ነው። ኮከቧ በየ76 ዓመቱ ገደማ ትመለሳለች።

«መቼ ነው የምትመጣው?»

ስልኬን ከፈትኩ። ለፀሐይ የምትቀርበው በ2061 እ.ኤ.አ. ነው፤ በኛ ሐምሌ 2053። በጣቷ ቆጠረች። 48 ዓመት ይሆናታል። ፊቷ ፈካ አለ፤ ወዲያው ደግሞ ጨለመ።

«ሐምሌ?» አለች፣ ቀና ብላ ቆርቆሮውን እያየች።