55 ቀን የጾመ ስሞከር

ቴክሳስ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፣ ብሪስኬት (የከብት ደረት ስጋ) ስሞክ ማድረግ፣ በጭስ ቀስ አርጎ ማብሰል ማለት ነው፣ ከጀመርኩ ደግሞ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፣ እና እውነቱን ለመናገር በዚህ ሁሉ ጊዜ ስለ ስጋው ከተማርኩት ስለ ሞራው የተማርኩት ይበልጣል። ስለ ስጋው ሁሉም ሰው ያወራል፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ዲግሪ፣ ምን እንጨት ምናምን። ከስር ስላለችው ትሪ ግን የሚያወራ የለም፣ ድሪፕ ፓን የሚሏት፣ የሚቀልጠው ሞራ ሁሉ የሚንጠባጠብባት። እኔም እሳት እስክታስነሳብኝ ድረስ ዞር ብዬ አይቻት አላውቅም ነበር።

የኔ ስሞከር፣ ስጋው በጭስ የሚበስልባት ምድጃ፣ ያቺ ቁመቷ ረዘም ብሎ ጥይት የምትመስለው የከሰል ናት። ከታች ከሰሉ፣ ከሱ በላይ ትሪዋ፣ ከዛ በላይ ሁለት ፎቅ ሽቦ። ትሪዋ እሳቱ ስጋውን ፊት ለፊት እንዳያገኘው ትጋርዳለች፣ ሞራው ከሰሉ ላይ እንዳይፈስም ትቀበላለች። ስለዚህ ልብ በሉ፣ ሞራ የሞላው ዕቃ በቀጥታ ከፍም በላይ ነው የሚቀመጠው ማለት ነው።

ነገሩ የሆነው በ2016 ፋሲካ ነው። ቅበላ ላይ ጓደኞቼን ጠርቼ አንድ ሙሉ ብሪስኬት አወጣሁ፣ ተበላ ተጠጣ፣ ሰዉ ሲሄድ እኩለ ሌሊት አልፏል፣ በቃ ነገ አጸዳዋለሁ ብዬ ክዳኑን ገጥሜ ሸራውን አልብሼ ተኛሁ። በነጋታው ጾም ገባ። በጾም ማን ስሞከር ትዝ ይለዋል? እኔ 55 ቀን ሽሮዬን ስበላ ሞራው እዛው ቁጭ ብሏል፣ ያውም በዳላስ አየር፣ አንዴ ዝናብ አንዴ ሙቀት።

የቅዳሜ ሹር ዕለት ስከፍተው ሽታው ወደ ኋላ መለሰኝ። ሞራው ሁለት ጣት ያህል ወፍሮ ረግቷል፣ ከላዩ አረንጓዴና ነጭ ሻጋታ ለብሷል፣ ጉንዳን በእግሩ በኩል ወጥቶ ሰልፍ ይዟል። ሰዓት አልነበረኝም፣ ማታ ቤተክርስቲያን አለ፣ እና በህይወቴ ካሰብኳቸው የሞኝ ሀሳቦች አንዱን አሰብኩ፣ እሳቱ ራሱ ያጸዳዋል አልኩ። ሽቦውን ፈግፍጌ፣ ትሪዋን እንዳለች ትቼ፣ ከሰሉን ለኩሼ 14 ፓውንድ ስጋ ጫንኩበት።

ግማሽ ሰዓት አልሞላም ጥቁር ጭስ መውጣት ጀመረ። ጥሩ ጭስ ስስ ነው፣ ሰማያዊ ነገር ይላል፣ ይሄ ግን ጎማ የሚቃጠል ነው የሚመስለው። ምን ሆኖ ነው ብዬ ክዳኑን አነሳሁ። አየር ሲያገኝ ቦግ አለ፣ ነበልባሉ እስከ ደረቴ መጣ፣ ቅንድቤ ትንሽ ሸተተኝ። የአትክልቱን ጎማ ልይዝ ስሮጥ ጎረቤቴ፣ ሽማግሌ ቴክሳዊ ነው፣ በአጥሩ ላይ አንገቱን አውጥቶ ውሃ እንዳታደርግ፣ ክደነው፣ ክደነው እያለ ጮኸ። ከደንኩት፣ የታቹንም የላዩንም የአየር ቀዳዳ ዘጋሁ፣ ቆሜ እየተንቀጠቀጥኩ ጠበቅኩ። አየር ሲያጣ ጠፋ።

ውሃውን ብደፋው ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር በኋላ ገባኝ። ውሃ ከሞራ ስለሚከብድ ወደ ታች ይገባል፣ እዛ ሲደርስ ባንዴ እንፋሎት ይሆናል፣ እንፋሎት ደግሞ ከውሃው ከ1,600 እጥፍ በላይ ቦታ ነው የሚፈልገው፣ ስለዚህ የሚነደውን ሞራ ይዞት ፊትህ ላይ ይወጣል። አሁን ከስሞከሩ አጠገብ የሞራ እሳት ቢነሳ የምነሰንስበት ትልቅ ቤኪንግ ሶዳ አይጠፋም።

ስጋው ጥላሸት ጥላሸት አለ፣ ተጣለ። ዶሮ ወጥ ባይኖር ፋሲካችንን በእንጀራና በይቅርታ ነበር የምንፈስከው።

ከዛ በኋላ ነው ትሪዋን በቁም ነገር የያዝኳት። መጀመሪያ የሞከርኩት ውሃ ነው። ስሞከሯም የተሰራችው ለሱ ነው፣ ትሪዋ ላይ ውሃ ትሞላለህ፣ ውሃ እስካለ ድረስ ከ100 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ በዚህ አገር ቋንቋ ከ212፣ ስለማያልፍ ሞራው አያርም። ይሰራል። ግን ብሪስኬት 14 ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፣ ሌሊት ተነስተህ ካልጨመርክ ይደርቃል፣ ከደረቀ በኋላ ትዝ ብሎህ በጋለ ሞራ ላይ ውሃ ካፈሰስክ ደሞ የነገርኳችሁ ነገር ነው የሚመጣው። ሲያልቅም የሚተርፍህ ግማሽ ባልዲ ሞራ ያለበት እጣቢ ነው። አንዴ ይሄንን እጣቢ ትኩስ ስለሆነ አይረጋም ብዬ የኩሽና ሲንክ ውስጥ ደፋሁት። ሲንኩ ውስጥ አልረጋም፣ እውነት ነው፣ ቱቦው ውስጥ ነው የረጋው። ለቧንቧ ሰራተኛው 180 ዶላር ከፈልኩ፣ ባለቤቴ አሁንም ሲንክ በተነሳ ቁጥር ታነሳብኛለች።

ያሳረፈኝ ሸክላ ነው። የአበባ ማሰሮ ስር የሚቀመጠው ሳህን አለ አይደል፣ ቀለም ያልተቀባውን፣ ትሪዋ ውስጥ ልክ የሚገባውን ገዛሁ። በፎይል ጠቅልዬ በውሃው ፈንታ ትሪዋ ውስጥ አስቀመጥኩት። እንደ ምጣድ አስቡት፣ ቀስ ብሎ ይግላል፣ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ዝናብ የነካው ከሆነ ግን ሳይደርቅ እሳት ላይ አይወጣም፣ የመጀመሪያውን ሳህኔን ለሁለት የሰነጠቅኩት እንደዛ ነው። ዋናው ብልሃት ከዚህ በኋላ ያለው ነው፣ የትሪዋን አፍ በሌላ ወፍራም ፎይል ሸፍኜ መሃሉን ትንሽ ሰርጎድ አደርገዋለሁ፣ ሸክላውን ግን እንዳይነካ፣ አንድ ጣት ያህል አየር መሃላቸው ይቀራል። ሞራው የሚወድቀው እዚህ ላይኛው ፎይል ላይ ነው፣ ከስሩ አየር ስላለ አይነድም፣ አያርም፣ እንደ ቅቤ ቢጫ ሆኖ ያድራል። ጠዋት ሲረጋ ፎይሉን በአራት በኩል አጥፌ ቆሻሻ ውስጥ፣ አለቀ። በነሐሴ ሙቀት በደንብ ስለማይረጋ የወረቀት ፎጣ ከላይ ጣል አርጌ ነው የምጠቀልለው። የመጀመሪያ ቀን ትሪዋን ገልጬ ሳያት ከስር አንድ ጠብታ የለም፣ ባለቤቴን ጠርቼ አሳየኋት፣ ምን እንዳስደሰተኝ አልገባትም።

የሚወርደውንም ቀነስኩ። ስጋው ላይ ያለውን ሞራ ሩብ ኢንች ብቻ አስቀርቼ ሌላውን በጥሬው እቆርጠዋለሁ። ሪብስ (የጎድን ስጋ) ላይ ሶስ የምቀባውም የመጨረሻዋ ግማሽ ሰዓት ላይ ነው፣ ሶስ ስኳር ነው፣ ስኳር ካረረ እንደ ሬንጅ ነው፣ ከሞራ ይብሳል።

ያቺን የፋሲካዋን ትሪ ግን ማጽዳት ነበረብኝ። የምድጃ ማጽጃ ስፕሬይ ገዝቼ መጀመሪያ የሞከርኩት አንዲት የአሉሚኒየም ትሪ ላይ ነበር፣ ጥሩነቱ። ኃይለኛው ዓይነት ውስጡ ኮስቲክ ሶዳ አለው፣ አሉሚኒየም ይበላል፣ ትሪዋን አጥቁሮ ነቃቅሶ አስቀራት። የስሞከሯን አልነካሁበትም። ተስፋ ቆርጬ ልጥላት ስል እናቴ ደወለች፣ ደሴ ናት፣ ምን ትሰራለህ አለችኝ፣ ዕቃ አልለቅ ብሎኝ ነው እማዬ አልኳት።

«በምንድነው የምታነዱት?»

«በከሰል።»

«እና አመድ ፊትህ ቆሞ ነው ሱቅ የምትሮጠው አንተ ልጅ?»

አፈርኩ። ልጅ ሆኜ ድስት በአመድ ሲፈገፈግ እያየሁ ነው ያደግኩት። አመድ ከሞራ ጋር ሲገናኝ ሳሙና ነገር ይሆናል፣ ድሮ ሳሙና የሚሰራውም እንደዛ ነው። ከተፈጥሮው ከሰል፣ ከተጠፈጠፈው ሳይሆን፣ የወጣ ነጭ አመድ ነፍቼ በሙቅ ውሃ ለወስኩት፣ ጓንት አደረግኩ ምክንያቱም ቆዳ ያቃጥላል፣ ቀባሁት፣ አንድ ሰዓት ተውኩት። በፕላስቲክ መፋቂያ ስገፋው እንደ ቅርፊት ተነሳ። ሁለቴ ደገምኩት፣ ሁለተኛው ላይ የኢናሜሉ ጥቁር ታየ። አሉሚኒየም ላይ ግን ይሄንንም እንዳትሞክሩ፣ እሱንም ይነካዋል።

ቆርጬ የማወጣው ጥሬ ሞራስ የት ይሄዳል ካላችሁ፣ ከአንድ ብሪስኬት ሦስት ፓውንድ ያህል ይወጣል፣ በከረጢት አርጌ በአጥሩ በኩል ለሽማግሌው እሰጠዋለሁ። አቅልጦ በጠርሙስ ያስቀምጠዋል፣ ድንች ይጠብስበታል። እሱ ደግሞ ጓሮው ካለችው ፒካን ዛፍ ለጭሱ የሚሆን የደረቀ ቅርንጫፍ ቆርጦ ያቀብለኛል፣ ባለፈው ያመጣውን ገና አልጨረስኩትም።