ኮልባክ፣ ስትሪንግ እና የገላኑ ሚዛን

ገላን ካለ አንድ የእህል መጋዘን የተረከብኩት የጭነት መኪና ሚዛን ፕሮግራም ሁለት ቁራጭ ነበር፦ ከሚዛኑ ጋር የሚነጋገረው ላይብረሪ (ሌላ ፕሮግራም የሚጠቀምበት የኮድ ስብስብ) በሲ ፕላስ ፕላስ ቋንቋ፣ ሠራተኛዋ የምታየው ስክሪን ደግሞ በሲ ሻርፕ ቋንቋ የተጻፉ። ክብደቱ ሲረጋ ላይብረሪው የሲ ሻርፑን ኮልባክ (ላይብረሪው መልሶ እንዲጠራው የተሰጠውን ፈንክሽን) ይጠራና የሾፌሩን ስም፣ ታርጋውንና ኪሎውን በአንድ ስትሪንግ (የጽሑፍ ዳታ) ያቀብለዋል።

ጠዋት ደህና ይሠራል። ከሰዓት መኪና ሲበዛ ያለ ምንም መልእክት ይዘጋል። ሁሉም መብራቱን ጠረጠረ፤ ዩፒኤሱ ግን ደህና ነበር። ጉዱ ያለው ጋርቤጅ ኮሌክተሩ፣ ማለትም ሲ ሻርፕ የሚሠራበት ዶትኔት ማንም ያልያዘውን ነገር ከሜሞሪ የሚጠርግበት ክፍል ጋ ነው። ዴሊጌቱ (ኮልባኩን የሚወክለው የሲ ሻርፕ ኦብጀክት) የተፈጠረው ለላይብረሪው በሚሰጥበት መስመር ላይ ብቻ ነው፤ ሲ ፕላስ ፕላስ የያዘውን አድራሻ ደግሞ ዶትኔት አያይም። ስለዚህ ባለቤት የለውም ብሎ ይጠርገዋል፤ ቀጣዩ ጥሪ ሰው የለቀቀው ቤት ያንኳኳል። ዴሊጌቱን በስታቲክ ፊልድ (ፕሮግራሙ እስኪዘጋ በሚቆይ ቦታ) ያዝኩት፣ መዘጋቱ ቀረ። ፒን ይደረግ (ሜሞሪ ውስጥ ከቦታው እንዳይንቀሳቀስ ይታሰር) የሚሉ አሉ፤ ለዴሊጌት አያስፈልግም፣ ሪፈረንስ መያዝ ይበቃል።

ስትሪንጉ ሌላ ጣጣ አመጣ። «ወንድሜ፣ ይሄን ደረሰኝ ብዬ ለሾፌሩ ልስጠው?» አለችኝ ሠራተኛዋ። በስሙ ቦታ የላቲን ፊደላት ከነጭረታቸው ተደርድረዋል። ላይብረሪው የሚልከው ፊደልን በባይት በሚጽፈው በዩቲኤፍ-8 ነው፤ በዚህ አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። ዶትኔት ግን ዊንዶውስ ላይ፣ ሌላ ካልተነገረው፣ እንደ አንሲ (የዊንዶውስ የቆየ አጻጻፍ) ያነበዋልና እያንዳንዱ ባይት ራሱን የቻለ ምልክት ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ደግነቱ ዋናው ጽሑፍ አልጠፋም። የጥያቄ ምልክት ብቻ ካያችሁ ግን ሲ ሻርፕ ወደ ላይብረሪው ሲልክ ፊደሉን በልቶታል፣ አይመለስም።

ስትሪንጉን የሚቀበለውን ፓራሜትር ኢንት ፖይንተር (IntPtr፣ የሜሞሪ አድራሻ ብቻ የሚይዝ) አድርጌ፣ ጽሑፉን በዶትኔት የማርሻል ክላስ የዩቲኤፍ-8 ፈንክሽን እዚያው ኮልባኩ ውስጥ ቀዳሁት። እዚያው ያልኩት ላይብረሪው ያንኑ በፈር (ጽሑፉ ያለበትን የሜሞሪ ቦታ) ለቀጣዩ መኪና ስለሚጠቀምበት ነው።

ከኮልባክ ስትሪንግ መመለስን ፈጽሞ አልወደውም። ዶትኔት ሜሞሪውን በኮ ታስክ ሜም አሎክ (CoTaskMemAlloc፣ የዊንዶውስ ሜሞሪ መስጫ ፈንክሽን) ይሰጣል፤ ሲ ፕላስ ፕላሱ በተለመደው የመልቀቂያ ፈንክሽን በፍሪ (free) ከለቀቀው ሂፑ፣ ማለትም ሜሞሪ የሚታደልበት ክምችት፣ ይበላሻል። እኔ ምንም የማይመልስ ኮልባክ አደረግሁት፤ መልስ የሚጻፍበትን በፈር ከነልኩ ላይብረሪው ራሱ ያቀርባል፣ ልኩም በፊደል ሳይሆን በባይት ይቆጠራል፣ የጽሑፉን ማብቂያ የምታሳየውን የመጨረሻዋን ዜሮ ጨምሮ።

ጥሪው የሚመጣው ከስክሪኑ በተለየው በላይብረሪው ትሬድ (የሥራ መስመር) ስለሆነ ስክሪኑን በቀጥታ አልነካሁም፤ ኤክሴፕሽንም (በሥራ ላይ የሚነሳ ስህተት) ከኮልባኩ እንዳይወጣ እዚያው ያዝኩት። የመጋዘኑ አሮጌ ኮምፒውተር 32 ቢት ስለነበር ደግሞ ዴሊጌቱ ላይ ሲዴክል (cdecl፣ ሁለቱ ወገኖች ፈንክሽን የሚጠራሩበት ስምምነት) ብዬ ጻፍኩ፤ በ64 ቢት ይህ ለውጥ አያመጣም።