ፎርስና ካልኩለስ የተገናኙልኝ በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ነው

ካልኩለስ ለብቻው አይከብደኝም ነበር። ዴሪቬቲቭ (የለውጥ መጠን) ፈልግ ከተባልኩ እፈልጋለሁ፤ ኢንተግሬት አድርግ (ትንንሽ ለውጦችን ደምር) ከተባልኩም ሕጉን አስታውሼ እሠራለሁ። ስለ ኃይልና እንቅስቃሴ የሚያስተምረው የመካኒክስ ኮርስ ላይ ግን ግራ ገባኝ። እዚያ ማንም «ኢንተግሬት አድርግ» አይልም። «ኳሱ ከ0.3 ሰከንድ በኋላ ፍጥነቱ ስንት ነው?» ይልና ዝም ይላል።

መጀመሪያ የተጣበቅኩት ግን ፎርስ (ኃይል) ላይ ነው፣ በተለይ ኖርማል ፎርስ ላይ፤ ዕቃ ያረፈበት ወለል ዕቃውን መልሶ የሚገፋበት ኃይል ማለት ነው። በየመልመጃው ከክብደት ጋር እኩል እየሆነ ስለሚመጣ እንደ ሕግ ይዤው ነበር። ከዚያ የአሳንሰር ጥያቄ መጣ። 60 ኪሎ ግራም የሆነን ሰው አሳንሰሩ ቆሞ ሳለ ወለሉ በ588 ኒውተን ይገፋዋል። አሳንሰሩ ወደ ላይ በ2 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር አክሰለሬት ሲያደርግ (ፍጥነቱን ሲጨምር) ግን 708 ይሆናል። ሰውየው አልወፈረም፤ ክብደቱ ያው ነው። ወለሉ ግን ሰውየውን መሸከም ብቻ ሳይሆን ማፍጠንም አለበት። ያኔ ነው የገባኝ። ኖርማል ፎርስ የራሱ ፎርሙላ የለውም። ከኒውተን ሁለተኛ ሕግ (የፎርሶቹ ድምር ከማስ በአክሰለሬሽን ብዜት ጋር እኩል ነው) ተፈልጎ ይገኛል እንጂ አስቀድሞ አይታወቅም። የገመድ ቴንሽንም (የተወጠረ ገመድ የሚጎትትበት ኃይል)፣ ያልተንሸራተተ ዕቃ ላይ ያለው ፍሪክሽንም (ሰበቃ) እንደዚያው ናቸው።

ከዚያ በኋላ አንድ ልማድ ያዝኩ። ፍሪ ቦዲ ዳያግራም፣ ማለትም በአንድ ዕቃ ላይ የሚያርፉትን ኃይሎች በቀስት የሚያሳይ ሥዕል፣ ስሥል እያንዳንዱ ቀስት ላይ «ማን ማንን?» ብዬ እጽፋለሁ። መሬት ኳሱን፣ ወለሉ ሰውየውን፣ ገመዱ ሣጥኑን። «ማን» የሚለው ቦታ ባዶ ከቀረ ቀስቱን አጠፋዋለሁ። ስንት ቀስት ጠፋ መሰላችሁ! አንደኛው ተጠቂ ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ላይ ሁልጊዜ የምሥለው የ«እንቅስቃሴ ኃይል» ነው። እጅ ከለቀቀው በኋላ ኳሱን ወደ ላይ የሚገፋው ማንም የለም። ክብደትና ኖርማል ፎርስም የኒውተን ሦስተኛ ሕግ ጥንድ (አንዱ ዕቃ ሌላውን ሲገፋ ሌላው በእኩል መልሶ የሚገፋበት) እንዳልሆኑ በዚሁ ታየኝ፤ ሁለቱም ያረፉት አንድ ዕቃ ላይ ነዋ። የክብደት ጥንዱ ዕቃው መሬትን የሚስብበት ኃይል ነው።

ወደ ካልኩለሱ ያሻገረኝም ይኸው ኳስ ነው። ጫፍ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ዜሮ ነው፤ አክሰለሬሽኑ ግን ያኔም ወደ ታች 9.8 ነው። ፎርስ ፍጥነቱ ስንት እንደሆነ አይናገርም፤ አሁን በዚህች ቅጽበት ፍጥነቱ በምን ያህል እየተለወጠ እንደሆነ ነው የሚናገረው። ዴሪቬቲቭ ማለት ደግሞ ይኸው ነው።

ኢንተግራል የገባኝ ግን አየር የሚገታው ኳስ ላይ ነው። 2 ኪሎ ግራም ኳስ ከቆመበት ይለቀቃል። አየሩ የሚገታበት ኃይል በኒውተን ሲለካ የፍጥነቱ (በሜትር በሰከንድ) 4 እጥፍ ነው እንበል። ክብደቱ 19.6 ኒውተን ነው። የለመድኳቸው የእንቅስቃሴ ፎርሙላዎች እዚህ ዋጋ የላቸውም። እነሱ የሚሠሩት አክሰለሬሽኑ ሳይለወጥ ከቆየ ነው። ይህ ኳስ ግን በፈጠነ ቁጥር አየሩ ይበልጥ ይገታዋል።

ስለዚህ ሠንጠረዥ ሠርቼ ጊዜውን በ0.1 ሰከንድ ቆራረጥኩት። መጀመሪያ አየሩ ምንም አይገታም፤ አክሰለሬሽኑ 9.8 ነው። ከ0.1 ሰከንድ በኋላ ፍጥነቱ 0.98 ሜትር በሰከንድ ይደርሳል። አሁን አየሩ በ3.92 ኒውተን ይገታዋል። የሚተርፈው 15.68 ነው፤ ለ2 ሲካፈል አክሰለሬሽኑ 7.84 ይሆናል። በሚቀጥለው ቁራጭ ፍጥነቱ 1.76 ገደማ ደረሰ። አንዴ ስደግመው 0.3 ሰከንድ ላይ 2.39 አገኘሁ። ቁራጩን ወደ 0.01 አሳንሼ በኤክሴል ስሠራው 2.23 መጣ። በኢንተግራል ተሠርቶ የሚገኘው ትክክለኛ መልስ 2.21 ነው። ቁጥሮቹ ወደዚያ ሲጠጉ ዓይኔ እያየ ነው። ያ በቃሌ የያዝኩት የኢንተግራል ምልክት ይህንን ድምር ነበር ለካ የሚሠራው!

በነገራችን ላይ ኒውተን ራሱ የእንቅስቃሴ ሕጎቹን የያዘውን መጽሐፉን ፕሪንኪፒያን እ.ኤ.አ. በ1687 ሲያሳትም ማረጋገጫዎቹን በአብዛኛው የጻፈው በጂኦሜትሪ ነው። ሕጎቹ ዛሬ በምንማረው የካልኩለስ አጻጻፍ መልክ የያዙት በቀጣዩ ክፍለ ዘመን እነ ኦይለር የተባለው የሒሳብ ሊቅ ሲሠሩበት ነው። ይህን ሳነብ ትንሽ ቀለል አለኝ።

መልሱ ልክ መሆኑን የማጣራበት ዘዴም ከዚያው ኳስ ያገኘሁት ነው። አየሩ የሚገታበት ኃይል ከክብደቱ ጋር ሲተካከል አክሰለሬሽኑ ዜሮ ይሆናል፤ ያ የሚሆነው በ4.9 ሜትር በሰከንድ ነው። ይህን ለማወቅ ካልኩለስ አያስፈልግም። የሠራሁት መልስ ከዚያ ካለፈ የሆነ ቦታ ምልክት ተገልብጧል ማለት ነው።

አሁን ጥያቄ ሲሰጠኝ ቀስቶቹን ሥዬ ስጨርስ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። ፎርሱ የሚለወጠው በምን ምክንያት ነው? ካልተለወጠ የተለመዱት ፎርሙላዎች ይበቃሉ። ከጊዜ ወይም ከዕቃው ፍጥነት ጋር ከተለወጠ በጊዜ ኢንተግሬት አደርጋለሁ። እንደ ስፕሪንግ በቦታ የሚለወጥ ከሆነ ደግሞ አክሰለሬሽንን ፍጥነት ሲባዛ በፍጥነት ለውጥ በየርቀቱ አድርጌ እጽፈውና በርቀት ኢንተግሬት አደርጋለሁ። የማስና የፍጥነት ስኩዌር ብዜት ግማሽ፣ ያ ኪኔቲክ ኢነርጂ (የእንቅስቃሴ ጉልበት) የሚባለው፣ ሳልጠራው ከዚያ ብቅ ይላል። ለፈተና ሸምድጄው የነበረ ፎርሙላ ነው።