ግራጫ ቁልፍ የያዛችሁ ሰዎች፣ መኪናችሁ ከመፈታቷ በፊት ይህን አንብቡ

መኪናዬ 2010 ሞዴል ቶዮታ ኮሮላ ናት። ሻንሲ ቁጥሯ በ«ጄ» ስለሚጀምር ጃፓን የተሠራች መሆኗን አውቃለሁ፤ አሜሪካ ስትነዳ ኖራ በዱባይ በኩል ነው አዲስ አበባ የገባችው። ስገዛት የተሰጠኝ ራሱ ግራጫ የሆነ አንድ ቁልፍ ብቻ ነበር። ደላላውን «ሁለተኛውስ?» ስለው «ከውጭ የሚመጣ ሁሉ በአንድ ቁልፍ ነው» አለኝ። የኋላው ኮፈን በቁልፍ አልከፈት ሲለኝ ደግሞ «መቆለፊያው ተበላሽቷል፣ ከወንበርሽ ሥር ባለው ማንሻ ክፈቺው» አለኝ። ሁለቱንም አመንኩ፤ ሁለት ዓመት እንዲያ እያደረግኩ ነዳሁ።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ሲከለክል፣ በእጄ ያለችውን መኪና እንደ ዓይኔ ብሌን መጠበቅ እንዳለብኝ ገባኝ። አንድ ቁልፍ ይዞ መክረም ደግሞ ያስፈራል። ስለዚህ በ2017 ኅዳር ላይ ተጨማሪ ቁልፍ ላስቀርጽ ወጣሁ። ልብ አድርጉልኝ፤ ቁልፌ አልጠፋም፣ መኪናዬም አልቆመችም። ጤነኛ መኪና እየነዳሁ ነው የሄድኩት።

መቅረጹ አሥር ደቂቃም አልፈጀ። ራሱ ጥቁር የሆነው አዲሱ ቁልፍ በሩን ከፈተ፣ ሞተሩንም አስነሳ፤ ሞተሩ ግን ሁለት ሰከንድ እንኳ ሳይቆይ ጠፋ። ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ምክንያቱ ቺፑ ነው። የቁልፉ ፕላስቲክ ውስጥ ባትሪ የማያስፈልጋት ትንሽ ቺፕ አለች፤ ቁልፉ የሚገባበትን ቀዳዳ የከበበው የሽቦ ቀለበት ነው ኃይል ሰጥቶ የሚያነባት። መኪናዋ ካላወቀቻት ነዳጅ ትከለክላለች። (የእንዲህ ዓይነት ቁልፍ ባትሪ ሪሞቱን ብቻ ነው የሚያሠራው። «ባትሪው ደክሞ ነው» ብሎ ባትሪ የሚሸጥላችሁን አትስሙት።)

ቁልፍ ቀራጩ የሰጠኝ ቺፕ ዓይነቱ ሌላ ነበር። በእነዚያ ዓመታት የቶዮታ ቁልፎች ብረቱን አስጠግታችሁ ብታዩት ነጥብ ወይም «ጂ» ወይም «ኤች» ታትሞበት ታገኛላችሁ፤ አንዱ የሌላውን ቦታ አይተካም። የኔ «ጂ» ነበር፣ እሱ የቀረጸልኝ ነጥብ ያለበትን። ይህን እንኳ አልቀየምኩትም፤ በማግስቱ «ጂ» የሆነውን አምጥቶ ቀረጸልኝ።

ከዚያ መኪናዋ አዲሱን ቁልፍ እንድታውቀው የሚያስመዘግበውን መሣሪያ ሰካ። መሣሪያው «ዋናውን ቁልፍ አስገባ» ሲለው ግራጫውን አስገባ፤ አልተቀበለም። ደገመ፤ አልተቀበለም። ሦስተኛ ጊዜ እምቢ ሲለው ዞር ብሎ «እህቴ፣ የመኪናሽ ኮምፒውተር ሞቷል» አለኝ።

«እንዴት ይሞታል? አሁን ነድቼ ነው የመጣሁት!»

«የሞተው አዲስ ቁልፍ የሚቀበለው ክፍል ነው። ግድ የለሽም፣ ቁልፍ የምትለየውን ሳጥን፣ ኢሞቢላይዘሩን፣ ፈትቼ ውስጧ ያለው ቺፕ ላይ በቀጥታ እጽፍበታለሁ።»

«እሺ» አልኩ። ይህችን ቃል ምን ያህል ጊዜ እንደተጸጸትኩባት! መኪናዬ እየሠራች፣ የሚያስነሳት ቁልፍ በእጄ እያለ፣ ለማላውቀው ሰው «ፍታት» ብዬ ፈቀድኩ።

ያን ቀን የሚነግረኝ አጥቼ እንጂ ነገሩ ቀላል ነበር። የቶዮታ ግራጫ ቁልፍ ሆቴል በር ላይ መኪናችሁን ተቀብሎ ለሚያቆምላችሁ ሠራተኛ የሚሰጥ ነው። በር ይከፍታል፣ ሞተር ያስነሳል፤ የኋላ ኮፈን ግን አይከፍትም። ሌላ ቁልፍ የማስመዝገብ መብትም የለውም። ያ መብት ያለው ጥቁሩ፣ ዋናው ቁልፍ ነው። መሣሪያው እምቢ ያለው የሞተ ነገር ስላለ አልነበረም፤ የሚገባውን ነው የሠራው። ግራጫ ብቻ የያዘ ሰው ለኮምፒውተሩ ቁልፍ ሁሉ እንደጠፋበት ሰው ነው የሚቆጠረው።

ሰውየው ከዳሽቦርዱ ጀርባ ትንሿን ሳጥን አወጣ። ከፈታት። ስምንት እግር ያላትን የማስታወሻ ቺፕ ከቦርዱ ጋር ያጣበቃትን ስታኞ አቅልጦ ነቀላት፤ ሲነቅላት ከሥሯ ያለውን የመዳብ መስመር ይዛው ተነሳች። ያኔ እኔ አጠገቡ ቆሜ ነበር፤ የሆነው ግን አልገባኝም። ሳጥኗን መልሶ ሲገጥም ግራጫው ቁልፍም አላስነሳ አለ። በአንድ ቁልፍ ሄጄ ያለ ቁልፍ ቀረሁ።

መኪናዬ እዚያ ቅያስ ውስጥ አሥራ አንድ ቀን ቆመች። «ነገ ነይ» ይለኛል፤ ሲነጋም «ነገ» ነው። በአምስተኛው ቀን በኔ ገንዘብ ከሌላ መኪና የወጣች ሳጥን አስገዝቶኝ ገጠመ፤ አልሠራችም። ያገለገለች ሳጥን ከነበረችበት መኪና ኮምፒውተርና ቁልፎች ጋር የተዋወቀች ናት፤ በባዶዋ ምንም አትፈይድም። ይህን እሱ ማወቅ ነበረበት፤ ሥራው ነው።

የመኪናውን ዕቃ ወደሚያስመጣው ወኪል ድርጅት ሄድኩ። ሊብሬ፣ መታወቂያና የፖሊስ ማስረጃ አምጪ አሉኝ። ፖሊስ ጣቢያ ያለው ሰው «ቁልፍሽ በእጅሽ ነው፣ ምን ጠፋ ብዬ ልጻፍ?» አለ፤ እውነቱን ነው። ተመልሼ ስነግራቸው ያለ ማስረጃ ፋይል አይከፈትም አሉ። ሁለት ቀን ተመላልሼ በመጨረሻ የሰጡኝ ምክር ኮምፒውተሩን፣ ሳጥኗንና የበሮቹን መቆለፊያ በሙሉ አዲስ አዝዢ የሚል ነበር። ዋጋውን ሳየው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼ ወጣሁ። ሁሉም ሰው «ወደ ወኪሉ ሂዱ» ይላል። እኔ ግን እንደዚህ ላለ ችግር ቦርድ የሚጠግን ኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ፈልጉ እላለሁ።

ያገኘሁት ልጅ ሥራው የመኪና ኮምፒውተር መጠገን ብቻ ነው። በማጉያ አይቶ የተነቀለውን መስመር በፀጉር ቀጭን ሽቦ ቀጠለው፤ ቺፗንም መለሰ። ግራጫው እንደገና ሲያስነሳ አለቀስኩ። ከዚያ በፊት ግን በቺፗ ላይ ያለውን መረጃ አንብቦ ቅጂውን አስቀምጦ ነበር፤ የመጀመሪያው ሰው ይህን አላደረገም፣ እኔም አልጠየቅኩትም። ቅጂ አስቀምጦ ሳያሳያችሁ ስታኞ የሚያነሳ ሰው ካጋጠማችሁ ቁልፋችሁን ተቀብላችሁ ሂዱ።

ቀሪው አጭር ነው። ባትሪው ላይ ቻርጀር ሰካ፤ የኢሞቢላይዘሩ ሪሴት አሥራ ስድስት ደቂቃ ስለሚፈጅ መሃል ላይ ባትሪ መድከም የለበትም። የድሮው ምዝገባ ሁሉ ተሰረዘ፤ «ጂ» የሆነውን ጥቁር ቁልፍና ሌላ አንድ ጥቁር ዋና አድርጎ አስገባልኝ። ቁልፍ የተሰረቀባችሁ ካላችሁ መጨመሩ ብቻ አይበቃችሁም፤ የድሮው ካልተሰረዘ ሌባው ዛሬም ያስነሳታል። ለመጀመሪያው ሰው 4,000 ብር፣ ለልጁ 9,000 ብር ከፈልኩ። የሚያንገበግበኝ የመጀመሪያው ነው።

ቤት ስደርስ ጥቁሩን ቁልፍ የኋላው ኮፈን ላይ አስገብቼ አዞርኩት። ተከፈተ። ቀጥዬ ከቦርሳዬ የመጀመሪያውን ቀን ቁልፍ አወጣሁ፤ ቺፑ የተሳሳተውን፣ ሞተር የማያስነሳውን። እሱም ከፈተው። ያን ቀን እዚያው ቆሜ ሞክሬው ቢሆን ኖሮ መቆለፊያው ጤነኛ፣ የያዝኩትም ቁልፍ ዋናው እንዳልሆነ አውቄ ሳጥኗ ሳትነካ እመለስ ነበር።