ድጎማው የገባው ሻጭ ኪስ ነው

ሥራዬ ጅማ ውስጥ ቤት ማሻሻጥ ነው። አንድ ዓመት እዚሁ ከተማ ያለ መሥሪያ ቤት፣ የመጀመሪያ ቤታቸውን ለሚገዙ ሠራተኞቹ የመቶ ሺህ ብር ድጎማ ፈቀደ። መመለስ የለም። ውሉ ግን እስከ ሰኔ 30 መፈረም አለበት። በቅን ልብ የተወሰነ ውሳኔ ነበር።

ወሬው ሻጮች ጆሮ ለመድረስ ጊዜ አልፈጀበትም። ያኔ አንዲት የመሥሪያ ቤቱን ሠራተኛ ቦሳ አካባቢ ካሉ አንድ ሐጂ ጋር እያደራደርኩ ነበር። ቤቱ ጭቃ ነው፤ ሁለት ክፍልና ማድቤት፣ ካርታ ያለው። ዋጋ ጨርሰን ቀብድ ብቻ ቀርቶ ነበር። ቀብዱን ይዛ ስትመጣ ሐጂ በፌስታል የተጠቀለለውን ካርታ ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ «ልጄ፣ መቶ ሺህ ጨምሪበትና ውሰጂው» አሏት።

«ሐጂ፣ ተስማምተን አልነበር እንዴ?»

«ተስማምተናል። ያኔ ግን መሥሪያ ቤትሽ አልጨመረልሽም።»

እሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም። ጎረቤታቸውም እንደዚያው ጨምሮ ነበር። ቀኑ እየገፋ ስለሆነ ልጅቱ ጨምራ ገዛች። ዋጋ ሲጨምር የእኔም ኮሚሽን ይጨምራል፤ ያም ሆኖ አልተዋጠልኝም። ለዓመታት በኪራይ የተንገላታች ሰው ናት።

በኋላ ለእናቷ ቤት ያፈላለግኩላት፣ ሚኒሶታ የምትኖር የጅማ ልጅ ይህን ስነግራት አሜሪካም ተመሳሳይ ነገር እንደነበረ አጫወተችኝ። በፈረንጆቹ 2008 የቤት ገበያው ሲንኮታኮት መንግሥት የመጀመሪያ ቤታቸውን ለሚገዙ ሰዎች እስከ 7,500 ዶላር የግብር ቅናሽ ሰጠ። ያ በ15 ዓመት የሚመለስ ነበር። በ2009 ወደ 8,000 ከፍ አለ፤ ቤቱ ውስጥ ሦስት ዓመት ለኖረ ሰው መመለሱም ቀረ። የውል መፈረሚያው የመጨረሻ ቀን በዚያው በፈረንጆቹ ኤፕሪል 30 ቀን 2010 ተባለ። ሰው ተሻማ። ቀኑ ካለፈ በኋላ ግን ገበያው ቀዘቀዘ፤ በዚያው ዓመት ጁላይ የነባር ቤቶች ሽያጭ ከጁኑ ከሩብ በላይ ወረደ። ቀድሞውንም ሊገዛ ያሰበው ሰው ነበር የሚገዛበትን ቀን አስቀድሞ የተጣደፈው።

አንድ ልዩነት አለ። እዚያ ባንክ የወረሳቸው ባዶ ቤቶች ሞልተው ነበር፤ ዋጋም እየወረደ ስለነበር ቅናሹ ውድቀቱን ለጊዜው ነው የደገፈው። ጅማ ውስጥ ግን ካርታው የተሟላ፣ የሠራተኛ አቅም የሚችለው ቤት ስንት ነው? ገዢው ሲበዛና ቤቱ ያው ሲሆን ብሩ ዋጋው ላይ ይቆለላል።

ይህንንም በዓይኔ አየሁት። የዚያው መሥሪያ ቤት ሌላ ሠራተኛ ወረቀቱ ስላልተሟላ ቀኑ አለፈው። ነሐሴ ላይ እዚያው ሰፈር፣ ያንኑ የመሰለ ቤት ያለ ድጎማ በድሮው ዋጋ ገዛ። ከሁለቱም ኪስ የወጣው ገንዘብ እኩል ነው።

አሁን ገዢ ይዤ ስሄድ ገንዘቡ ከየት እንደመጣም፣ መቼ እንደሚያልቅም ሻጭ ፊት አይነሳም። ይህን ለገዢዎቼ ቀድሜ ነው የምነግራቸው። ለመሥሪያ ቤቱ ኮሚቴም ሁለት ነገር ጻፍኩ፦ ቀነ ገደቡ ይነሳ፤ በማኅበር ተደራጅተው አዲስ ቤት ለሚሠሩትም ድጎማው ይድረስ። ቀነ ገደቡን አንስተዋል። የማኅበሩን ጉዳይ ግን ገና እየወተወትኳቸው ነው።