የኖታሪ ክፍያና የግል ሥራ ታክስ፦ እኔ ሂሳቤን የምይዝበት መንገድ

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ኖታሪ ነኝ፤ ሰው ሰነድ ሲፈርም ማንነቱን አይቼ በማኅተሜ አረጋግጣለሁ። ቀን ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ ማታና ቅዳሜ ደግሞ ማኅተሜን ይዤ ሰው ቤት እሄዳለሁ። አብዛኛው ሥራዬ የቤት ብድር ሰነድ ማስፈረም ነው። ከዚያ ቀጥሎ የሚበዛው የአገር ልጆች ጉዳይ ነው፦ ወደ አገር ቤት የሚላክ ውክልና፣ ቃለ መሐላ፣ ልጅ ከአንድ ወላጅ ጋር ብቻ ሲጓዝ የሚያዝ የፈቃድ ደብዳቤ። እዚሁ ቨርጂኒያ ያለችው አሌክሳንድሪያ አካባቢ እንዲህ ያለ ሥራ አይጠፋም።

በዚህ ዓመት ከማውቃቸው ሰዎች ብዙዎቹ ይህን ሥራ ጀምረዋል። ስለ ማኅተሙና ስለ ደንበኛው ይጠይቁኛል፤ ስለ ታክሱ የሚጠይቀኝ ግን የለም። እኔ ደግሞ ከሁሉ በፊት እንዲያውቁት የምፈልገው እሱን ነው። በኖታሪነት ለፈጸማችሁት ተግባር የምትቀበሉት ክፍያ የሰልፍ ኢምፕሎይመንት ታክስ፣ ማለትም በግል የሚሠራ ሰው ከገቢ ታክስ ሌላ የሚከፍለው ታክስ፣ የለበትም።

ይህ ታክስ 15.3 በመቶ ነው። 12.4 በመቶው ለሶሻል ሴኩሪቲ (ለመንግሥት ጡረታ)፣ 2.9 በመቶው ለሜዲኬር (ለአረጋውያን የጤና መድን) ይሄዳል። ተቀጣሪ ሲሆኑ ግማሹን አሠሪ ይከፍላል። በግል ሲሠሩ ሁለቱም ግማሽ የራስ ነው። የተጣራው ትርፍ 400 ዶላር ከደረሰ ጀምሮ ይታሰባል።

ኖታሪ ለምን ተለየ? ሕጉ የሚያየው እንደ መንግሥት ሹመት ስለሆነ ነው። በእርግጥም ሹመት ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ኖታሪን የሚሾመው ገዥው ነው፤ ተሿሚውም ፍርድ ቤት ቀርቦ ይምላል፤ ሹመቱ ለአራት ዓመት ይጸናል። ለዚህ ሹመት ተግባር የሚከፈል ገንዘብ እንደ ተራ የግል ንግድ ገቢ አይቆጠርም። የገቢ ታክስ ግን አለበት። ስኬጁል ሲ በሚባለው የግል ሥራ ገቢና ወጪ ቅጽ ላይ እንደማንኛውም ገቢ ይሞላል። የማይከፈለው 15.3 በመቶው ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ሳይሰሙ «የኖታሪ ገንዘብ ታክስ የለውም» ብለው የሚያወሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። እባካችሁ ወሬውን አትስሙ።

የመጀመሪያውን ዓመት ታክስ የሠሩልኝ በዕድሜ ጠና ያሉ የአገራችን ሰው ናቸው። ጥንቁቅ ናቸው፤ ኖታሪ ደንበኛ ግን ብዙም አልነበራቸውም። ከመፈረሜ በፊት ወረቀቱን ልየው ብዬ ተቀበልኳቸው። ገቢው በሙሉ አንድ ላይ ገብቶ 15.3ቱ ታስቦበታል።

«ጋሼ፣ የኖታሪዋ ክፍያ ተለይታ አልወጣችም» አልኳቸው።

«1099 ላይ የመጣ ሁሉ ይታሰብበታል የኔ ልጅ» አሉኝ። 1099 ከፋዩ ድርጅት በዓመቱ የከፈላችሁን ገልጦ የሚልከው ቅጽ ነው።

ስልኬን አውጥቼ የአይአርኤስን (የፌዴራሉን ታክስ መሥሪያ ቤት) የስኬጁል ኤስኢ መመሪያ ከፈትኩላቸው፤ ስኬጁል ኤስኢ 15.3ቱ የሚሰላበት ቅጽ ነው። ኖታሪ የሚል ንዑስ ርዕስ አለው። መነጽራቸውን አስተካክለው ቀስ ብለው አነበቡት። ከዚያ «ልክ ነህ። በል ቁጥሩን ስጠኝ» አሉ።

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። ሕጉ አጭርና ግልጽ ነው። ነፃ የሚወጣውን ቁጥር የሚያውቅላችሁ ግን ከእናንተ በቀር ማንም የለም። የብድር ሰነድ ሥራውን ከሚሰጠው አስፈራሚ ኩባንያ የሚመጣው 1099 ድምሩን ብቻ ነው የሚናገረው። እኔ ቁጥሩን ወዲያው መስጠት የቻልኩት መዝገቤ በእጄ ስለነበረ ነው።

ቨርጂኒያ ለወረቀት ሥራ፣ ማለትም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ላልተፈጸመ፣ መዝገብ ያዙ ብላ አታስገድድም፤ ያዙ ብላ ትመክራለች። እኔ ያለ መዝገብ አንድም ማኅተም አልመታም። ቀኑን፣ የፈራሚውን ስም፣ የሰነዱን ዓይነት፣ ያየሁትን መታወቂያ እና የፈጸምኩትን ተግባር እጽፋለሁ። በስተቀኝ በኩል ሦስት ዓምድ ጨምሬበታለሁ፦ የኖታሪ ክፍያ፣ ሌላ ክፍያ፣ የነዳሁት ማይል።

አንድ መስመር ላሳያችሁ። ባልና ሚስት ብድራቸውን እያደሱ ነው እንበል። ኩባንያው ለሥራው 125 ዶላር ይከፍለኛል። ጥቅሉ ከመቶ ገጽ በላይ ነው፤ ማኅተም የሚያስፈልጋቸው ሰነዶች ግን ስድስት ናቸው። በቨርጂኒያ ሕግ ለአንድ የወረቀት ተግባር ማስከፈል የሚቻለው እስከ 10 ዶላር ነው። እስከ 2021 አጋማሽ ድረስ 5 ነበር። ስለዚህ ስድስት ጊዜ 10፣ 60 ዶላር የኖታሪ ክፍያ ብዬ እጽፋለሁ። የቀረው 65 ዶላር የጉዞ፣ የማተሚያና ሰነዱን መልሶ የመላኪያ ዋጋ ነው። እሱ ተራ የግል ሥራ ገቢ ስለሆነ 15.3ቱ ይታሰብበታል። ክፍያው በጥቅል የመጣ በመሆኑ ብቻ 125ቱንም ነፃ ማድረግ አይቻልም። ከስቴቱ ጣሪያ በላይ የሆነ የኖታሪ ክፍያ ራሱ ሕገወጥ ነውና።

ስቴት ለስቴት ልዩነቱ ሰፊ ነው። ካሊፎርኒያ ለአንድ ፊርማ እስከ 15 ዶላር ትፈቅዳለች። ኒውዮርክ ውስጥ ለወረቀት ሥራ 2 ዶላር ብቻ ነው። ኒውዮርክ ያለ ወዳጃችሁ ከዚህ ሕግ የሚያገኘው ጥቅም ትንሽ ነው፤ ሎስ አንጀለስ ያለው ግን ብዙ ያተርፋል።

ጥቅሙ በገንዘብ ሲተመን እንዲህ ነው። የአንድ ሰው የተጣራ የኖታሪ ገቢ በዓመት 6,000 ዶላር ቢሆን፣ ታክሱ የሚታሰበው በ92.35 በመቶው ላይ ነው። 15.3 በመቶው ሲወጣ 848 ዶላር ገደማ ይሆናል። ለቤተሰብ ቀላል ገንዘብ አይደለም።

ወጪ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። የኖታሪውን ገቢ ከሌላው ስትለዩ ወጪውንም አብራችሁ ለዩ። ማኅተም፣ መዝገብና የሹመት ማመልከቻ ክፍያ ወደ ኖታሪው ወገን ይሄዳሉ። ቀለምና ወረቀት፣ ማይልም ወደ ሌላው። ለአንድ ማይል በወጪነት የሚያዘው ተመን በ2024 67 ሳንቲም፣ በ2025 70 ሳንቲም ነበር። ወጪውን በሙሉ 15.3 ወዳለበት ወገን መጫን ያጓጓል። አይአርኤስ ቢጠይቃችሁ ግን የምታስረዱበት ነገር አይኖርም።

ቅጹ ላይ እንዲህ ይሞላል። ከኖታሪ ሌላ ታክስ የሚታሰብበት የግል ገቢ ካላችሁ፣ ስኬጁል ኤስኢ ላይ ከመስመር 3 በስተግራ «ኤግዘምፕት ኖታሪ» (ነፃ የሆነ ኖታሪ) የሚለው በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ የተጣራው የኖታሪ ትርፍም አብሮ ይጻፍና ከድምሩ ይቀነሳል። ገቢያችሁ የኖታሪ ብቻ ከሆነ ስኬጁል ኤስኢ አያስፈልግም፤ ቃሉ ስኬጁል 2 በሚባለው የተጨማሪ ታክሶች ቅጽ ላይ ይሰፍራል። በሶፍትዌር የምትሠሩ ከሆነ ሶፍትዌሩ በራሱ አያውቅም። ኖታሪ የሚለውን ጥያቄ ፈልጋችሁ መልሱለት። ያለፉትን ዓመታት ሙሉውን ከፍላችሁ ከሆነም ተስፋ አትቁረጡ፤ ታክሱን ካስገባችሁበት ቀን አንስቶ በሦስት ዓመት ውስጥ በማስተካከያው ቅጽ በ1040-ኤክስ ማስተካከልና ገንዘቡን ማስመለስ ይቻላል።

በጣም የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። 15.3ቱን ያልከፈላችሁበት ገቢ በሶሻል ሴኩሪቲ መዝገባችሁ ላይ አይገባም። እኔ ቀን የምሠራበት መሥሪያ ቤት ስለሚቆርጥልኝ አልጎዳም። ከአገር ቤት በአርባ፣ በሃምሳ ዓመቱ የመጣና በኖታሪ ሥራ ብቻ የሚኖር ሰው ግን በደንብ ሊያስብበት ይገባል። ለጡረታ 40 ነጥብ ያስፈልጋል፤ ነጥቡ የሚጠራቀመው ይህ ታክስ ከተከፈለበት የሥራ ገቢ ነው። በዓመት ከአራት በላይ አይገኝም፤ ስለዚህ ቢያንስ አሥር ዓመት ነው። የሜዲኬርን የሆስፒታል መድን፣ ፓርት ኤን፣ ያለ ወርሃዊ ክፍያ ለማግኘትም፣ በትዳር ጓደኛ መዝገብ ካልሆነ በቀር፣ የሚጠየቀው ይኸው 40 ነጥብ ነው።

ካሊፎርኒያ ያሉ አንዲት እህታችን ይህን ስነግራቸው «እንግዲያው ወድጄ ልክፈል፣ ይቁጠሩልኝ» አሉ። አይቻልም። ነፃነቱ በሕግ የተቀመጠ እንጂ በምርጫ የሚወሰድ አይደለም። ሂሳቡን አብረን አየነው። በ2025 አንድ ነጥብ የሚያስገኘው 1,810 ዶላር ነበር፤ ለአራቱ 7,240። የእሳቸው የጉዞና የማተሚያ ገቢ ወጪው ሲቀነስለት እዚያ አይደርስም። ሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ከፍተው ነጥባቸውን አዩ፤ ሃያ ምናምን ነበር። አሁን በሳምንት ጥቂት ቀን ትምህርት ቤት ካፍቴሪያ ተቀጥረው ይሠራሉ፤ ከሰዓት በኋላ ማኅተማቸውን ይዘው ይወጣሉ።