ጋዞች ሲደባለቁ የሚጨምረው ኢንትሮፒ ከየት ይመጣል?

ጋዞች ሲደባለቁ ኢንትሮፒ (ሞለኪውሎች ሊይዟቸው የሚችሏቸው አቀማመጦች ብዛት መለኪያ) እንደሚጨምር ቴርሞዳይናሚክስ የተማረ ሁሉ ያውቃል። ፎርሙላውም አጭር ነው። እኔ ግን ጭማሪው ከየት እንደሚመጣ ማየት ፈለግኩ። ፎርሙላውን ወደ ጎን አድርጌ አንድ ሣጥን ሣልኩና ከሀ ጀመርኩ።

ሣጥኑን ግድግዳ እኩል ለሁለት ይከፍለዋል። በአንዱ በኩል 1 ሞል (የተወሰነ የሞለኪውሎች ብዛት) ናይትሮጅን፣ በሌላው 1 ሞል ኦክሲጅን አለ። ግፊታቸውም ሙቀታቸውም እኩል ነው። ግድግዳው ተነሳ እንበል። ናይትሮጅኑን ለብቻው ነጥዬ አየሁት። ሐሳባዊ ጋዝ (ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ የማይሳሳቡና የማይገፋፉ) ስለሆነ ኦክሲጅኑ ኖረ አልኖረ ግድ አይሰጠውም። የገጠመው ነገር ቢኖር ቦታው እጥፍ መሆኑ ነው። የጋዞችን ቋሚ ቁጥር 8.314ን፣ ቦታው በሰፋበት እጥፍ በ2 ናቹራል ሎግ፣ ማለትም በ0.693 ሳባዛ 5.76 ጁል በኬልቪን መጣ። ኦክሲጅኑም ያው ነው። ድምሩ 11.53 ሆነ፤ ከፎርሙላው ጋር ገጠመ።

ዓይኔን የገለጠው ግን ሁለተኛው ስሌት ነው። አሁን ሁለቱን ጋዞች አደባልቄ፣ ቀድሞ አንዱ ብቻውን በያዘው ግማሽ ሣጥን ውስጥ ከተትኳቸው። ሙቀቱ እንዳለ ነው፣ ግፊቱ እጥፍ ሆኗል። ተደባልቀዋል፤ የማንኛቸውም ቦታ ግን አልሰፋም። የኢንትሮፒው ለውጥ ዜሮ! ነገሩ የወረቀት ላይ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ፓላዲየም የተባለው ብረት ሲግል ሃይድሮጅንን ያሳልፋል፣ ናይትሮጅንን ያስቀራል። እንዲህ ያለ ወንፊት ፒስተን ላይ ቢገጠም ሁለቱን ያለ ብክነት ማደባለቅም መለየትም በመርህ ደረጃ ይቻላል።

ሦስተኛው ላይ ብዙ ቆየሁ። በሁለቱም በኩል ናይትሮጅን ቢሆንስ? "የሁሉም ቦታ እጥፍ ሆነ" ካልን 11.53 ሊመጣ ነው። ነገር ግን ግድግዳውን መልሼ ብከተው ሁሉም እንደነበረው ስለሚሆን ለውጡ ዜሮ መሆን አለበት። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ጆሳያ ዊላርድ ጊብስ በፈረንጆቹ 1870ዎቹ ያነሳው ጉዳይ ይህ ነው፤ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ለእኔ የተፈታው አቀማመጦችን ስቆጥር ነው። ሁለት የናይትሮጅን ሞለኪውሎች ቦታ ቢለዋወጡ አዲስ አቀማመጥ አይፈጠርም። ስለዚህ ወሳኙ፣ ከአንድ ዓይነት ሞለኪውሎች ለእያንዳንዱ በነፍስ ወከፍ የሚደርሰው ቦታ ነው። እዚህ ሞለኪውሉም ቦታውም አብረው እጥፍ ስለሆኑ ድርሻው ንቅንቅ አይልም።

አሁን እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲገጥመኝ መጀመሪያ የምጽፈው የእያንዳንዱን ዓይነት ሞልና ቦታ፣ በፊትና በኋላ ነው። ጋዞቹ ምን ያህል ይመሳሰላሉ ብዬም አልጨነቅም። በአንዱ በኩል ኒዮን 20፣ በሌላው ኒዮን 22 (ሁለቱም ኒዮን ናቸው፣ የአቶማቸው ክብደት ብቻ ይለያያል) ቢሆን ልዩነታቸው ሁለት ኒውትሮን ብቻ ነው። ኢንትሮፒው ግን ሙሉ 11.53 ይጨምራል።